በዝናብ የታሰረ ገመድ

ማክሰኞ ዕለት ያለ ወቅቱ የመጣው ዝናብ ከንጋት አዛን በፊት ጀምሮ እስከ ቀትር አላባራም። ከሞይዱ ሐጂ ቤት በስተጀርባ፣ አዝመራው ተነስቶ ሜዳ በሆነው የሩዝ ማሳ ላይ ግን ሥራው አልቆመም። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ላስቲክ ተከናንበው ረጃጅም የዘንባባ ግንዶች ያቆማሉ፤ ግንዱን ከግንዱ በኮኮናት ገመድ ያስራሉ። እጁም፣ ገመዱም፣ ግንዱም እርጥብ ነበር። የሰሜኑ ጋለሪ፣ የተመልካቹ መቀመጫ እርከን፣ ለቅዳሜ መድረስ ነበረበት። ቅዳሜ የእግር ኳስ ዋንጫው ፍጻሜ ነው።

ጀሲላ ከሰገነቱ ላይ ቆማ ታያቸው ነበር። ሌላው ሕዝብ የሚያውቀው የጋለሪውን ፊት ነው። እሷ የምታውቀው ጀርባውን ነበር፤ በየዓመቱ ለአባቷ ቤት ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፣ እሷም የጎድን አጥንቱን ትቆጥራለች። የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ሳታስበው ትቆጥራለች። ባለፈው እሑድ ግማሽ ፍጻሜው እንዳለቀ አሮጌውን አፍርሰው አዲሱን ሲጀምሩ የታሰበው ዐሥራ ዘጠኝ ረድፍ ነበር። አሁን ሃያ ሁለት ሆኗል።

«ሦስት ረድፍ የጨመሩት ለማን ሲሉ እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለች የወንድሟ ሚስት ሸሪፋ፣ ከዝናቡ ያተረፈችውን ልብስ እያጣጠፈች።

«ለሱዳኒው።»

«ለሱዳኒው! እውነትሽን ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባል እየመለስሽ ሰገነት ላይ የተተከልሽውም ለሱዳኒው ነው።»

ሱዳኒው የሚሉት የመንደሩ ቡድን አጥቂ ክዌኩ ከጋና የመጣ ነው። ሰው ሁሉ ከአፍሪካ የመጣን ተጫዋች ሱዳኒ ስለሚል፣ እሱም ማረም ሰልችቶት በዚያው ይጠራል። ጀሲላ ፈገግ አለች። ዓይኗ ከጋለሪው በላይ አሻግሮ፣ በማሳው ማዶ ጥግ፣ ዝናቡ ውስጥ ያለ ጃንጥላ የቆመውን ሰው እያየ ነበር። ሁነይስ ነው። እሱም የሚያየው አሳሪዎቹን ነበር። ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ራሱን ነቀነቀና ሄደ፤ አነቃነቁ ለምን እንደሆነ አልገባትም።

*

ሁነይስ የአላቪ ልጅ ነው። አላቪ ዕድሜውን ሙሉ ዘንባባ እየወጣ ፍሬ ሲለቅም፣ በኳስ ወራት ደግሞ ጋለሪ ሲያስር የኖረ ሰው ነበር። ልጁ አባቱ ባሰረው ጋለሪ ፊት በባዶ እግሩ ተጫውቶ ስም አወጣ። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ከወንዙ ወዲህም ሆነ ወዲያ፣ በየወገኑ ሰባት ሰው በሚሰለፍበት ኳስ እሱን የሚያህል አጥቂ አልነበረም። ሻይ ቤቶች ፎቶውን ከነቢዩ መስጊድ ሥዕል ዝቅ አድርገው ሰቀሉት። ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ ኳስ ሲቀበል ጋለሪው ዝም ይላል፤ ሲዞር ብቻ ነው የሚጮኸው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በዚሁ ማሳ፣ የፍጻሜው የመጨረሻ ደቂቃ ላይ ለመንደሩ ቡድን ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠ። ሁነይስ ኳሷን ከጎሉ በላይ፣ ከጋለሪውም በላይ አሻግሮ የሐጂ ኮኮናት ዛፎች ውስጥ ጣላት። ጀሲላ ያኔ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆና እዚሁ ሰገነት ላይ ነበረች። ኳሷ በአናቷ ላይ ስታልፍ ነፋሷን ሰምታለች። በዚያው ሳምንት ሁነይስ ሽማግሌ ላከ። አባቷ ሞይዱ ሐጂ ሽማግሌዎቹን በረንዳ ላይ እንኳ ሳያስቀምጡ፣ «ምት የሸጠ ሰው ልጅ ሊገዛ ላካችሁ?» ብለው መለሷቸው።

ሸጧል ያለ ማስረጃ አላመጣም። አልሸጠም ብሎ የተሟገተለትም የለም። ጀሲላም በላከችው ደብዳቤ ሁሉ ይህን አንድ ነገር አልጠየቀችውም።

ወደ ዓረብ አገር ሄዶ የመጋዘን ጭነት ሲሸከም ጉልበቱ ተበላሸ። ተመልሶ በወንዙ ዳር አሸዋ ላይ የመንደሩን ቡድን ማሰልጠን ጀመረ። ሁለቱን ተከላካዮች ወገባቸው ላይ በገመድ አስሮ፣ ገመዱ ሳይረግብም ሳይወጠርም እንዲሮጡ ያደርጋቸው ነበር። «አላቪ ጋለሪ ያስር ነበር፣ ልጁ ሰው ማሰር ጀመረ» እያሉ ሳቁበት። ሦስት ዓመት ሳቁ። ዘንድሮ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላው ዋንጫ ሲወስድ እያጨበጨበ የኖረው የመንደሩ ቡድን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ እንደገና ፍጻሜ ደረሰ። ሞይዱ ሐጂም፣ ዋንጫው በአባታቸው ስም የተሰየመላቸው፣ ኮሚቴውን የሚመሩ፣ በእንጨት ንግድ የከበሩት ሐጂ፣ በቃዲው ፊት ቃል ሰጡ፦

«ዋንጫውን አምጣ። በማግስቱ ሽማግሌዎችህን ይዘህ ና፤ በረንዳዬ ላይ ይቀመጣሉ።»

ጀሲላ ይህን የሰማችው ከመጋረጃ ጀርባ ነበር። የደስታ ቃል መሆኑን አእምሮዋ ያውቃል። ሆዷ ግን እንደ ዛቻ ሰማው።

*

ከረቡዕ ጀምሮ ፀሐዩ በረታ። ጋለሪው ሲደርቅ ይሰማ ነበር፤ በቀትር፣ ማንም ሳይነካው፣ አንድ ቦታ ቀጭ ይላል፤ ቆይቶ ሌላ ቦታ። ቁራዎች በመጀመሪያው ቀን የላይኛው ረድፍ ላይ ሰፍረው ነበር። ሐሙስ አልነበሩም።

ቅዳሜ ጠዋት ሸሪፋ ከዓሣ ሻጩ ስትመለስ ከዘንቢሏ ሥር የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች።

«መልእክተኛህ ዓሣ ዓሣ ይሸታል በይው» አለች። «ለወደፊቱ አበባ ካለበት ሱቅ ይላክልኝ።»

ደብዳቤው አጭር ነበር።

«ጀሲላ፦ አሳሪዎቹ ሰሜኑን ማክሰኞ በዝናብ አስረውት በዚያው ምሽት ወደ አገራቸው ሄዱ። የኮኮናት ገመድ እርጥብ ሆኖ ሲታሰር ጥብቅ ይመስላል፤ ሲደርቅ ይላላል። አባቴ በዝናብ ካሰረ በሦስተኛው ቀን ይመለስና እያንዳንዱን ቋጠሮ በእጁ እየዳሰሰ እንደገና ያጠብቅ ነበር። የሚከፍለው አልነበረም፤ እንዲያው ልማዱ ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ ይህን የሚያደርግ የለም። ለአባትሽ ነግሬያቸው ሳቁ። ጀርባው ያለው በእናንተ ግቢ ነው፤ እኔ መግባት አልችልም። አንቺ ዳሺልኝ። ከታች ሁለተኛው ረድፍ፣ ግንዱና ግንዱ የሚተላለፉበት ቦታ። ጣትሽ ከገባ ንገሪኝ። በዐራት ሰዓት ከውሃ ጉድጓዱ አጥር ማዶ እሆናለሁ። ጣትሽ ከገባ ዛሬ ኳስ የለም። ምን እንደማጣ አውቃለሁ።»

መጨረሻውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ምን እንደማጣ» ነው ያለው። ምን እንደምናጣ አላለም። ለምን እንደተናደደች ለራሷም አልገባትም።

የታጠበ ልብስ የምታሰጣ መስላ ወደ ጓሮ ወረደች። ከጋለሪው ሥር ጥላው ቀዝቃዛ ነበር። ጣቷን ወደ መጀመሪያው ቋጠሮ ሰደደች፤ አልገባም። ሁለተኛው አልገባም። ሦስተኛው ጥፍሯን ብቻ አስገባ። ደስ እያላት ሄደች። ሰባተኛው ላይ ግን ጣቷ እስከ መሃል አንጓው ገባ። ገመዱ በግንዱ ላይ ዞረ፣ ቡናማ ብናኝም በአንጓዋ ላይ ወረደ። ዐሥራ አንደኛውም እንደዚያው ነበር። ሌሎቹ ጠብቀዋል። ከዐሥራ ዘጠኝ ቋጠሮ ሁለት። ለተማሪዎቿ ብትሰጠው ትንሽ ቁጥር ነው።

ብናኙን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ቤት ተመለሰች።

አባቷ በረንዳ ላይ ከኮሚቴው ጋር ሻይ እየጠጡ ነበር። ለብቻቸው እንዲመጡላት ጠራቻቸው።

«ኡፓ፣ የጋለሪው ገመድ ቢታይስ? ማክሰኞ ዝናብ ነበር።»

«ማን አስተማረሽ ስለ ገመድ?»

«ማንም።»

«ማንም ያልሽው ሰው ትናንት እኔ ጋር መጥቶ ነበር።» ሐጂ አልተቆጡም፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፣ እሷን ያስፈራትም እሱ ነው። «ልጄ፣ መሸነፍ የፈራ ገበሬ በሬው ታመመ ይላል። ያኔ ምቱን ወደ ሰማይ ላከ። አሁን ደግሞ ከመምታቱ በፊት መሬቱ ተንቀጠቀጠ ይለኛል። ከሦስት አውራጃ ሰው መንገድ ላይ ነው። ዛሬ ካልተጫወተ ለሁልጊዜው አልተጫወተም። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«ጋለሪ ሲሰራ ሃያ ሁለት ዓመት ነው። ወድቆ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«በይ ሂጂ።»

ስለ ሁለቱ ቋጠሮዎች ልትነግራቸው አፏን ከፍታ ነበር። ዘጋችው።

*

ከጉድጓዱ አጥር ማዶ ቆሞ አገኘችው። በቀይ አበባው ቁጥቋጦ መሃል የሚታየው ግማሽ ፊቱ ነው። ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ ይህን ያህል ቀርባው አታውቅም። ጢሙ ላይ ሽበት አየች፤ በደብዳቤ ጽፎላት የማያውቀው ነገር።

«ዳሰስሽው?»

«ዳሰስኩት።»

«እና?»

ጀሲላ የውሃ መቅጃውን ገመድ ያዘች። ባልዲው በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ተጋጨና ድምፁ ከታች ተመልሶ መጣ።

«ጠብቋል» አለች።

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ምን ሆነሃል አንተ? ልታሸንፍ ነው፣ ኢካ። ሰው ልታሸንፍ ነው ሲሉት እንዲህ ይገረጣል?»

«ኢካ»፣ ጋሼ፣ ብትለውም ሁነይስ አልሳቀም። በቅጠሎቹ መሃል ዓይኗን አየው። ወደ ውሃው አጎነበሰች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ። «ያን ምት ለምን እንደሳትኩ አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት አሰብኩበት። እግሬ መሬቱን ለቀቀ፤ ኳሷ ሄደች። ይኸው ነው። ሰው ምክንያት ይፈልጋል፣ እኔ ምክንያት የለኝም።»

«አልጠየቅኩህም።»

«አልጠየቅሽኝም፤ እሱን ነው የምልሽ።»

ከበረንዳው በኩል የአባቷ ሳቅ ተሰማ። ሁነይስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፣ ቁጥቋጦውም ፊቱን ሸፈነው።

«እንግዲያው ልጆቹ ይጫወታሉ» የሚለው ድምፁ ብቻ መጣ። ለእሷ የተነገረ አይመስልም ነበር።

ባልዲውን ሞልታ አወጣች፤ ከዚያ ውሃውን መልሳ ወደ ጉድጓዱ ገለበጠችው፤ ለምን ቀዳሁት ብላ። ቤት ያሉት እንስራዎች ሞልተው ነበር።

*

ከአስር ሰላት በኋላ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ሰገነቱ በሴቶች ተሞልቶ ነበር። ድምፅ ማጉያው እየተነፋነፈ ይጮኻል፦ «ውድ ወንድሞቻችን! የሰሜን ጋለሪ ሞልቷል! ወደ ሰሜን አትሂዱ! የሞላውን ቦታ የሚያይ ዓይን አላህ ይስጣችሁ!» ሰዉ ይስቃል፤ እየሳቀም ወደ ሰሜን ይወጣል። የጀሲላ ወንድም፣ የሸሪፋ ባል ሪያስ አምስተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ዞር ሲል ሸሪፋ እጇን ብታውለበልብለት ያላየ ሆነ፤ ጓደኞቹ ፊት አፈረ።

ከጀርባ የሚታየው እግርና ገመድ ብቻ ነው። በግንዶቹ ክፍተት በሺህ የሚቆጠር ተረከዝ ተደርድሮ ጀሲላ አየች። ጋለሪው ቀጭ ቀጭ ማለቱን አቁሟል። አሁን ያለማቋረጥ ዝቅ ባለ ድምፅ ያቃስት ነበር፤ ሌላው ሰው ግን የሕዝቡ ድምፅ ይመስለዋል።

በዐሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ክዌኩ አገባ። ሁነይስ እንዳስተማረው ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ ተቀበለ፣ ዞረ፣ መታ። ጋለሪው ተነስቶ ዘለለ።

ያኔ አየችው። ሰባተኛው ቋጠሮ ያለበት ግንድ ወደ እሷ መጣ። ዐራት ጣት ያህል መጥቶ ተመለሰ። ሕዝቡ ሁለተኛ ሲዘል እንደገና መጣ፤ በዚህኛው ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ከመገጣጠሚያው ብናኝ በፀሐዩ ውስጥ እየተንሳፈፈ ወረደ።

«ሸሪፋ፣ አየሽ?»

«አየሁ እንጂ! እንዴት ያለ ጎል ነው!» ሸሪፋ አንገቷን አቀፈቻት። «አገባሽ እኮ ዛሬ! አንቺ ሙሽራ!»

ሴቶቹ እልል አሉ። አንዷ ጉንጯን ሳመቻት። ጀሲላ በእቅፋቸው መሃል ሆና ተረከዞቹን ትቆጥር ጀመር፤ በአንድ ረድፍ ስንት፣ በሃያ ሁለት ሲባዛ ስንት። ቁጥሩ ላይ ስትደርስ ምነው መቁጠር ባልተማርኩ ብላ ተመኘች።

ዳኛው ለእረፍት ነፋ። አንድ ለባዶ። ተጫዋቾቹ ብርቱካን እየበሉ ሜዳው ላይ ተቀመጡ። ሁነይስ አልተቀመጠም። ሜዳው መሃል ቆሞ ወደ ሰሜኑ ጋለሪ አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ከጋለሪው በላይ አንስቶ ወደ ሰገነቱ አየ። መሃላቸው በሺህ የሚቆጠር ሰው ነበር፣ ሁሉም ጀርባውን ለእሷ የሰጠ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንዲህ ተያይተዋል፤ አንድ ጊዜም ቢሆን አንዳቸው ለሌላው ምልክት አልሰጡም። በዚህ መንደር ያላገባች ሴት ልጅ ዓይኗ ቢሄድ ይሄዳል፤ እጇና ራሷ ግን አይንቀሳቀስም።

እጁን ወደ ጋለሪው ዘረጋ። ጥያቄ ነበር።

ዝም ብትል ሠላሳ ደቂቃ ነው የቀረው። ሠላሳ ደቂቃ ከቆመ ነገ ሽማግሌዎቹ በረንዳው ላይ ናቸው።

ጀሲላ ራሷን ነቀነቀች። ገመዱ አልጠበቀም። አንዴ፣ በቀስታ፤ ደግሞ ሁለተኛ፣ እንዳይጠራጠር።

ሁነይስ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ፊቱ ላይ ያየችው ድንጋጤ አልነበረም። ይህን ነበር ያኔ ያልተረዳችው።

ወደ ኮሚቴው ሄዶ ሲናገር፣ አባቷ እጃቸውን ሲያወናጭፉ አየች። ድምፅ ማጉያውን ሊቀበል ሲል ነጠቁት። ተመልሶ ለልጆቹ አንድ ነገር አላቸው። ዳኛው ሲነፋ የመንደሩ ሰባት ተጫዋቾች መሃል ሜዳ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ክዌኩ መጨረሻ ተቀመጠ፤ ሁለት ጊዜ ሁነይስን አይቶ፣ ራሱን ይዞ።

በመጀመሪያ ሰዉ ሳቀ። ከዚያ አንድ ድምፅ ከሰሜኑ ጋለሪ ተነሳ፦

«ሸጠው! አሁንም ሸጠው!»

ሁነይስ ወደ ሰሜን ዞሮ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጠራቸው። ኑ፣ ውረዱ፣ ኑ። ለድብደባ የሚጋብዝ ሰው ይመስል ነበር። እነሱም ወረዱ። የታችኛው ረድፍ ቀድሞ፣ ከዚያ የላዩ፣ እንደ ውሃ እየፈሰሱ። ጫማ ተወረወረ። ጠርሙስ ተወረወረ። ጠርሙሱ ግንባሩን ሲመታው ጀሲላ ድምፁን አልሰማችም፤ እጁን ሲያነሳ ብቻ አየች። ክዌኩና በረኛው ከላዩ ላይ ተደፉበት።

የሰሜኑ ጋለሪ ባዶ ሆኖ በፀሐዩ ውስጥ ቆመ። ጀሲላ የሰገነቱን ጠርዝ ይዛ ውደቅ አለችው። በልቧ ለመነችው። አሁን ውደቅ፣ ማንም የለብህም፣ ውደቅ።

አልወደቀም።

*

ጋለሪው እሑድ ጠዋትም ቆሞ ነበር። ሐጂ ግን ዋንጫው ለተጋጣሚው፣ ለወንዝ ማዶው ቡድን፣ ከተሰጠ በኋላ ሊያዩት ስላልፈለጉ አፍራሾች በማለዳ መጡ። ገመድ ማንም አይፈታም፤ በማጭድ ይቆረጣል። ሁነይስ በኮሚቴው ተጠርቶ ግቢው ሲገባ ሰባተኛው ቋጠሮም ዐሥራ አንደኛውም ከሌላው ገመድ ጋር ክምር ሆነው መሬት ላይ ነበሩ።

ሽማግሌዎች በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ የሁነይስ ሽማግሌዎች ግን አልነበሩም። እሱ ከታች፣ ቀዩ መሬት ላይ፣ ግንባሩ ታስሮ ቆመ። ቃዲው ወረቀቱን አነበቡ። ከዛሬ ጀምሮ በአውራጃው ውስጥ በምንም ቡድን፣ በምንም ሜዳ አያሰለጥንም።

«ተቃውሞ አለህ?»

«የለኝም።»

«እኔ ግን ጥያቄ አለኝ» አሉ ሞይዱ ሐጂ። «ስንት ሰጡህ?»

«ማንም አልሰጠኝም፣ ሐጂ።»

«ገመዱ ላልቷል ብለህ ነው ኳሱን ያቆምከው። ገመዱ ያለው በኔ ጓሮ ነው። በምን አወቅክ? ማን አሳየህ?»

ከመጋረጃው ጀርባ ሸሪፋ የጀሲላን የእጅ አንጓ ያዘች። «እንዳታስቢው» አለች በሹክሹክታ። «ዛሬ ከወጣሽ ማን ያገባሻል? እሱ ራሱ ሥራ የለው፣ ስም የለው! ዝም ካልሽ ግን ማንም ምንም አያውቅም።»

ሁነይስ መሬቱን አየ። «ገመትኩ» አለ።

«ገመተ!» ሪያስ ሳቀ። «ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅነውን በግምት!»

ሁሉም ሳቁ። ሁነይስም አብሮ ሊስቅ ምንም ያልቀረው ይመስል ነበር፤ ጀሲላን ያስወጣት እሱ ነው። አንጓዋን ከሸሪፋ እጅ አላቀቀች። መጋረጃው ከኋላዋ ሲወርድ ሳቁ ማጭድ እንዳገኘው ገመድ ተቆረጠ።

«አልገመተም» አለች። «እኔ ነኝ የነገርኩት። ከሰገነት ላይ ራሴን ነቀነቅኩለት።»

«ጀሲላ፣ ግቢ» አሉ አባቷ።

«ትናንት ጠዋት ዳስሼው ነበር፣ ኡፓ። ሁለቱ ላልተዋል። ጣቴ ገብቷል። እርስዎ ጋር ስመጣ አውቅ ነበር፣ አልነገርኩዎትም።» ድምጿ እየቀጠነ ሄደ፤ ግን አልቆመም። «እሱንም ዋሸሁት። አጥሩ ጋ ጠይቆኝ ሁሉም ጠብቋል አልኩት። ዋንጫውን ፈልጌ። ሪያስ እዚያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ነበር። እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው።»

ሪያስ ዓይኑን ወደ ጓሮው መለሰ።

«ጋለሪው አልወደቀም» አሉ ሞይዱ ሐጂ።

«አልወደቀም።»

«ስለዚህ ምንም አልሆነም ነበር። አንቺም ተዋረድሽ፣ እኔም ተዋረድኩ፣ ለምንም።» ወደ ሁነይስ ዞሩ። በድምፃቸው ውስጥ ርኅራኄ የሚመስል ነገር ነበር። «ሰምተሃል? ለሠርጓ ስትል ሺህ ሰው በላላ ገመድ ላይ ያስቀመጠች። ይህችን ነው የምትፈልጋት?»

ጀሲላ አላየችውም። እጆቿን አየች። ሁሉን ነገር ስታስብ ይህን አላሰበችም ነበር፤ አባቷ በራሷ ቃል ሊያስፈርዱባት እንደሚችሉ። ቢሄድ ትክክል ነው። ቢሄድ ትረዳዋለች።

«ሐጂ» አለ ሁነይስ። «ትናንት ጠዋት ስትዋሸኝ አውቄያለሁ።»

ራሷን ቀና አደረገች።

«ጠብቋል ስትለኝ ወደ ውሃው አጎነበሰች። የአላቪ ልጅ ነኝ፤ ቋጠሮ ባልዳስስም ሰው ያየሁ ነኝ። አውቄ ነው ልጆቹን ወደ ሜዳ ያስገባሁት። ጎል ሲገባ ሲዘሉ እኔም አብሬ ዘልያለሁ።» ግንባሩ ላይ የታሰረው ጨርቅ እንደገና እየቀላ ነበር። «በእረፍት ወደ ሰገነቱ ያየሁት ሊነግረኝ የሚችል ሰው ፈልጌ አይደለም። ዝም እንድትል ፈልጌ ነበር። ዝም ብትል ኖሮ እስከ መጨረሻ እንጫወት ነበር። እሷ ናት ያቆመችው። እኔ አልነበርኩም።»

ቃዲው ወረቀታቸውን አጠፉ። ከጓሮ የማጭድ ድምፅ ይመጣ ነበር።

ሞይዱ ሐጂ ተነሱ። የሚረግሟቸው መስሏት ጀሲላ ጠበቀች፤ እርግማን ቢሆን ትሸከመው ነበር። እሳቸው ግን ጫማቸውን በጥንቃቄ ካወለቁ በኋላ ወደ ቤት ገቡና በሩን ድምፅ ሳያሰሙ ዘጉት። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ፣ ወደ ማንም ሳያዩ ወጡ። ሸሪፋ ከመጋረጃው ጀርባ ታለቅስ ነበር፤ አልወጣችም።

«ግቢ» አላት ሁነይስ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ ልሂድ።»

«ጠልተኸኛል?»

«እንጃ።» እውነቱን ተናግሮ ነበር። «አንቺስ?»

«እንጃ፣ ኢካ።»

ፈገግ ሊል ሞክሮ ግንባሩ አመመው። ዞሮ መራመድ ጀመረ፤ በተበላሸው ጉልበቱ እያነከሰ። ጀሲላ ደረጃውን ወረደች። በባዶ እግሯ ነበረች፣ መሬቱም ገና በማለዳው ግሎ ነበር። ከእሱ ዐሥር እርምጃ ርቃ ተከተለችው። ወደ መውጫው ሲደርስ ሳይዞር ቆሞ ጠበቃት።

ከኋላዋ ማንም በስሟ አልጠራትም። ቢጠሯት ትመለስ እንደነበር ለእሱም፣ ከዚያ በኋላ በኖረችው ዘመን ሁሉ ለማንም አልተናገረችም።